የሞን ጡብ፦ በቻኦ ፍራያ ወንዝ ዳር የሰፈረ ሕዝብ

ለሕክምናም ሆነ ለንግድ ባንኮክ ደርሶ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ከተማዋን አቋርጦ ወደ ባሕር የሚወርደውን የቻኦ ፍራያ ወንዝ ሳያይ የተመለሰ ግን አይኖርም። ውሃው ጥርት ያለ አይደለም፤ እንደ ክረምት ዓባይ ድፍርስ ነው። ከተማዋ የቆመችበትን ሜዳ ያነጠፈው ያ ድፍርስ ውሃ ተሸክሞት የመጣው ደለል ነው። ሩዙንና ፍራፍሬውን ያበቀለው፣ ለቤቱም ግድግዳ የሆነው እሱ ነው። ታይላንዳዊ ግንበኛ ተራውን ቀይ የሸክላ ጡብ ሲፈልግ «ኢት ሞን» ብሎ ያዝዛል፤ የሞን ጡብ ማለት ነው። ሞን የአንድ ሕዝብ ስም ነው። የራሱ አገር ጠፍቶበት ከበርማ የተሰደደ፣ በዚህ ወንዝ ዳር ተተክሎ ገበሬና ሸክላ ሠሪ የሆነ ሕዝብ።

ይህ ሕዝብ እዚያ እንዴት ደረሰ? ንጉሡ ለምን ተቀበለው? በጭቃና በውሃ መካከል እንዴት አረሰ? ከሁለት መቶ ዓመት በኋላስ ምን ቀረለት? ጥያቄዎቹ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱን ያለ ሌላው መመለስ አይቻልም።

ሞኖች በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከቀደምቶቹ ሕዝቦች አንዱ ናቸው። ቋንቋቸው ከካምቦዲያው ክመርና ከቬትናምኛ ጋር ይዛመዳል፤ ከታይኛም ከበርማኛም ጋር ግን የዘር ግንድ አይጋራም። ታይኛ ተናጋሪዎች ዛሬ ታይላንድ በምትባለው አገር ገና ሳይገንኑ፣ ከ6ኛው እስከ 11ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ፣ በማዕከላዊው ሜዳ ላይ ድቫራቫቲ የሚባለው ሥልጣኔ አብቦ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያለው የዘመን አቆጣጠር ሁሉ የአውሮፓውያኑ ነው።) የዚያ ዘመን የድንጋይ ጽሑፎች በሞንኛ ተቀርጸው ተገኝተዋል። ቴራቫዳ የሚባለውን የቡድሃ እምነት ዘርፍ በአካባቢው ቀድመው ከተቀበሉትና ለጎረቤቶቻቸው ካሻገሩት መካከል ሞኖች ይገኛሉ። የበርማኛ ፊደልም ከሞን ፊደል እንደተወለደ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማማሉ። ፊደሉ እንደ እኛው እያንዳንዱን ተነባቢ ከአናባቢው ጋር አጣምሮ የሚጽፍ ነው፤ «በ»ን ወደ «ቡ» እና «ቢ» የምናዞርበትን ሥርዓት የለመደ ኢትዮጵያዊ የአሠራሩ መንፈስ አይጠፋውም።

በበርማ በኩል ደግሞ ሞኖች ከ1287 እስከ 1539 ድረስ ሃንታዋዲ የሚባል መንግሥት ነበራቸው። ዋና ከተማው ለረጅም ዘመን ፔጉ ነበረች፤ ዛሬ ባጎ ትባላለች። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠችው ሺን ሳውቡ የምትባል ሴት የራሷን ክብደት የሚያህል ወርቅ ለያንጎኑ ሽዌዳጎን ስቱፓ እንደሰጠች ይተረካል። ስቱፓ ማለት የቡድሃ ቅዱስ ቅርስ የሚቀመጥበት የደወል ቅርጽ ያለው ሕንፃ ነው። ዛሬ በወርቅ ተለብጦ የበርማ ሁሉ መለያ የሆነው ያ ሕንፃ ከሞን ነገሥታት እጅ ብዙ በረከት የተቀበለ ነው። ይህን የማነሳው ሞኖች ሲሰደዱ ባዶ እጃቸውን እንዳልመጡ ለማሳየት ነው። ፊደል፣ መጽሐፍ፣ የምንኩስና ሥርዓትና የእጅ ሙያ ይዘው መጥተዋል።

ሃንታዋዲ በ1539 ወደቀ። በ1740 ሞኖች እንደገና ተነሥተው ፔጉን መናገሻ አደረጉ፤ 17 ዓመት ብቻ ቆዩ። በ1757 አላውንግፓያ የሚባለው የበርማ ንጉሥ ፔጉን ሰብሮ ገባ። ከዚያ ወዲህ የሞን መንግሥት አልተነሣም። ወደ ሲያም፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ታይላንድ፣ የሚደረገው ስደት ግን ከዚያ በፊትም ነበር፤ ከዚያ በኋላም ማዕበል በማዕበል ሆኖ ቀጠለ። በ1774 በንጉሥ ታክሲን ዘመን ፍራያ ቼንግ በሚባል የሞን አለቃ ሥር ብዙ ሰው ተሻገረ። ትልቁ ስደት ግን የ1815ቱ ነው። የበርማው ንጉሥ ቦዳውፓያ በሚንጉን ግዙፍ ስቱፓ ለማስገንባት ሕዝቡን በግዳጅ ሥራ አስጨነቀ፤ በማርታባን ያሉ ሞኖች አመፁ፤ አመፁ ሲከሽፍ ቤተሰባቸውን ይዘው በተራሮቹ በኩል ወደ ሲያም ወረዱ። ቁጥራቸው 40,000 ያህል እንደነበር ይነገራል።

ንጉሡ ሰው ይፈልግ ነበር

የዛሬ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ የሚገምተው አንድ ነገር ነው፦ ስደተኞቹ ድንበር ላይ ቆመው ይለምናሉ፣ ባለ አገሩ ያመነታል። የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የሲያሙ ንጉሥ ራማ ሁለተኛ በካንቻናቡሪ በኩል የሚገቡትን እንዲቀበል የላከው የገዛ ልጁን ነበር። ልዑሉ ሞንግኩት ይባላል፤ ያኔ ዕድሜው ገና 11 ገደማ ነበር። ስንቅና ጠባቂ ጦር ተሰጥቶት ወጣ፤ እንግዶቹን ተቀብሎ ወደ ወንዙ ሜዳ አመጣቸው። መሬት ተሰጣቸው፣ መንደር ተመራላቸው።

ለምን? መልሱ በዚያ ዘመን በአካባቢው የነበረውን የሀብት ትርጉም ከመረዳት ይጀምራል። መሬት ሞልቶ ተርፎ ነበር፤ የጠፋው ሰው ነው። ሜዳው ረግረግና ጫካ ነበር፤ የሚመነጥረው፣ ቦይ የሚቆፍረው፣ የሚዘራው እጅ ከሌለ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ የአንድ ንጉሥ ኃይል የሚለካው በያዘው የቆዳ ስፋት ሳይሆን በመዝገቡ ባሰፈራቸው ሰዎች ብዛት ነበር። ጦርነትም የሚካሄደው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ለመማረክ ነው። አሸናፊው ከተማውን ይዞ አይቀመጥም፤ ነዋሪውን ነድቶ ወደ አገሩ ይወስዳል። በ1767 በርማዎች የሲያምን ዋና ከተማ አዩታያን አቃጥለው ሲመለሱ ያደረጉት ይህንኑ ነው። በወንዙ ዳር የነበሩ የሲያም መንደሮች ተራቆቱ።

ተራው ሰው «ፍራይ» ይባል ነበር። ገባር የሚለውን ቃል ለሚያውቅ የእኛ አገር አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይሆንም፤ ልዩነቱ ፍራዩ በዋናነት የሚገብረው ጉልበቱን መሆኑ ነው። በአዩታያ ዘመን የንጉሡ ፍራይ አንድ ወር ለንጉሡ፣ አንድ ወር ለራሱ ይሠራ ነበር፤ ድምሩ የዓመቱ ግማሽ ነው። በኋላ ወደ አራት ወር፣ በራማ ሁለተኛ ዘመን ደግሞ ወደ ሦስት ወር ወረደ። ማን የማን እንደሆነ እንዳይጠፋ የእጁ አንጓ ላይ በንቅሳት ምልክት ይደረግበታል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያሳየው የሰው እጅ ምን ያህል ውድ እንደነበረ ነው። እንግዲህ 40,000 ሰው በአንድ ጊዜ፣ ያለ ጦርነት፣ በገዛ እግሩ ሲመጣ ለሲያም ንጉሥ ምን ማለት እንደነበር አስቡት።

ሞኖች ደግሞ ከሌላው ስደተኛ የሚለዩበት ነገር ነበራቸው። የበርማን ቋንቋ፣ መንገድና የጦር ልማድ ያውቃሉ፤ በርማንም ይጠላሉ። ስለዚህ የሞን ክፍለ ጦር ተቋቁሞላቸው በምዕራቡ ድንበር እንደ ቃፊርና ሰላይ አገልግለዋል። ብዙሃኑ ግን የሰፈሩት ከድንበሩ ርቀው በቻኦ ፍራያ ዳር ነው። ከባንኮክ በላይ በሰሜን ሳም ኮክና ፓክ ክሬት፣ ከባንኮክ በታች በደቡብ ደግሞ ፍራ ፕራዴንግ ዋና ዋናዎቹ ሰፈሮች ናቸው። ካርታው ላይ ስናያቸው ምክንያቱ ይገለጣል። ወንዙ የአገሪቱ ዋና መንገድ ነው። ከባሕር የሚመጣ ጠላት በእሱ ይገባል። ፍራ ፕራዴንግ በዚያን ጊዜ ናኮን ኩዋን ካን ተብላ በምሽግነት ስትመሠረት ከሳም ኮክ 300 ያህል ለሥራና ለጦር የደረሱ የሞን ወንዶች ከነቤተሰባቸው ተዛውረው እንዲጠብቋት ተደርጓል። የላይኞቹ መንደሮች ደግሞ ዋና ከተማውን በሩዝ፣ በፍራፍሬና በሸክላ ይመግባሉ።

ስሌት ነበረበት ማለት ግን ርኅራኄ አልነበረበትም ማለት አይደለም። ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። በዚያው በ1815 ራማ ሁለተኛ ሳም ኮክን ሊጎበኝ ሲወርድ ሞኖች የሚያቀርቡት ሌላ ነገር ስላልነበራቸው ከኩሬው የቀጠፉትን የሎተስ አበባ እጅ መንሻ አድርገው ሰጡት። ንጉሡም የከተማዋን ስም ፓቱም ታኒ፣ «የሎተስ ከተማ»፣ ብሎ ለወጠው። ዛሬ ጠቅላላው አውራጃ በዚህ ስም ይጠራል። ከዚህ ሁሉ የመንግሥት ስሌት መካከል እኔ የምወደው ይህን ነው። ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች ስጦታ በአንድ አገር ካርታ ላይ ተጽፎ ቀረ።

ከውሃው በላይ የተነሣ መደብ

ከሰፈሮቹ ሁሉ በይበልጥ የሚታወቀው ኮ ክሬት ነው፤ «ኮ» በታይኛ ደሴት ማለት ነው። ከባንኮክ መሐል ወደ ሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በኖንታቡሪ አውራጃ፣ በፓክ ክሬት ከተማ አንጻር ይገኛል። ስፋቱ አራት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተፈጥሮ ደሴት አድርጋ አልፈጠረችውም። ወንዙ በዚህ ቦታ ክብ ሠርቶ ይዞር ነበር፤ ወደ አዩታያ የሚወጡ ጀልባዎች ያንን ዙር ለመዞር ብዙ ጊዜ ያጠፉ ነበር። በ1722 ንጉሥ ታይ ሳ የዙሩን አንገት በቀጥታ የሚቆርጥ ቦይ አስቆፈረ። ቦዩ ሲቆፈር ጠባብ ነበር፤ ግን ወንዝ አጭሩን መንገድ ይመርጣልና ውሃው በኃይል እየገባ ዳርና ዳሩን በላ፣ ዓመት በዓመት አሰፋው። በመካከል የቀረው መሬት ደሴት ሆነ። ሞኖች ሲመጡ ያረፉት በዚህ ላይ ነው።

እዚህ ማረስ ቀላል አይደለም። መሬቱ ከወንዙ ወለል ብዙም አይበልጥም። በዝናቡ ወራት ከሰሜን የሚወርደው ጎርፍ ይሞላዋል። በበጋ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ባሕሩ በየቀኑ ሲሞላ የወንዙን ውሃ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ሲጎድል ውሃው ተመልሶ ይወርዳል። ከባሕር በብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ያለ ገበሬ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት በጓሮው ቦይ ውስጥ ያያል።

ሰዎቹ ከዚህ ውሃ ጋር ከመታገል ይልቅ ተጠቀሙበት። አሠራሩ እንዲህ ነው። ረጅም ቦይ ይቆፈራል፤ የወጣው ጭቃ በጎንና በጎን ይከመርና ከፍ ያለ መደብ ይሆናል። ከዚያ ሌላ ቦይ፣ ሌላ መደብ። ከላይ ለሚያየው ማሳው የተበጠረ ጸጉር ይመስላል፤ አንድ መስመር ውሃ፣ አንድ መስመር ዛፍ። ዙሪያውን ክትር ይሠራለታል፤ በክትሩ ውስጥ ወደ ወንዙ የሚወስድ ቱቦ ይቀበራል፤ ድሮ የተቦረቦረ የዛፍ ግንድ ነበር። ባሕሩ ሞልቶ ወንዙን ከፍ ሲያደርገው ገበሬው ቱቦውን ይከፍታል፤ ውሃው በራሱ ይገባል። ሲበቃው ይዘጋል። ማፍሰስ ሲፈልግ ወንዙ ዝቅ እስኪል ይጠብቅና እንደገና ይከፍታል። ፓምፕ አያስፈልገውም፤ ሥራውን የሚሠራለት ባሕሩ ነው።

በወንዙ ውሃ የሚመጣው ደለል በቦዩ ወለል ላይ ይተኛል። ገበሬው በየጊዜው ቦዩን እየጠረገ ጭቃውን ወደ መደቡ ይጥላል። ቦዩ ይጸዳል፣ መደቡ ከፍ ይላል፣ ዛፉም አዲስ አፈር ያገኛል። ማዳበሪያው ይኸው ነው። በመደቡ ዳር ደግሞ ቶንግላንግ የሚባል ዛፍ ይተከላል። ይህ ዛፍ የእኛው ቆርች የቅርብ ዘመድ ነው፤ ባለ እሾህና ባለ ቀይ አበባ ነው። ሥሩ ውሃ አጠገብ መቆም አያስጨንቀውም፤ መሬቱን በናይትሮጅን ያዳብራል፣ ለፍሬ ዛፉ ጥላ ይሆናል፣ የረገፈው ቅጠል ቦዩ ውስጥ ገብቶ ከጭቃው ጋር ይበሰብሳል። ቆርችን በአጥሩ ላይ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ቢያይ ወዲያው ይገባዋል።

በመደቡ ላይ የሚበቅሉት ማንጎ፣ ማንጎስቲን፣ ሙዝ፣ ኮኮናት፣ ከሁሉም በላይ ዱሪያን ነው። ዱሪያን እሾሃማና ትልቅ ፍሬ ነው፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራል፤ ሥጋው እንደ ወፍራም ቅባት ለስላሳ ነው። ሥሩ ጥልቅ አይሄድም፤ እርጥበት ይወዳል እንጂ ውሃ ውስጥ መቆም አይችልም። ለዚህ ነው መደቡ የግድ የሚሆነው። የኖንታቡሪ ዱሪያን በታይላንድ ካለው ሁሉ የከበረ ተብሎ ይታወቃል፤ አንዱ ፍሬ በሺዎች በሚቆጠር ባት ይሸጣል። የዛፉ ዋጋ ለመንግሥትም አልተሰወረም፤ በድሮው ሥርዓት የፍራፍሬ ማሳ ግብር የሚሰላው በዛፉ ዓይነትና ቁጥር ነበር። ቆጣሪ መጥቶ ዛፉን አንድ በአንድ ይመዘግብ ነበር።

ከፍራፍሬው ማሳ ጀርባ፣ ከወንዙ ራቅ ባለው ዝቅተኛ ሜዳ፣ ሩዝ ይዘራል። የሩዙ ነገር ግን በእህልነቱ ብቻ አያልቅም። ወደ ጡቡ የሚመልሰን እሱ ነው።

የዚህ ወንዝ ዳር ጭቃ ለሸክላ የተመቸ ነው። ሞኖች ይህን ሙያ ከአገራቸው ይዘው መጥተዋል። በሳም ኮክ የድሮ እቶኖች ፍራሽ እስከ ዛሬ ይታያል፤ የሳም ኮክ የውሃ ጋን በመላው የወንዙ ሸለቆ የታወቀ ነበር። ጡቡ ደግሞ የሚሠራው እንዲህ ነው። ጭቃው ከሩዝ ገለፈት ጋር ይቦካል፣ በቅርጽ ይመታል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ ከዚያም በገለፈት እሳት ይተኮሳል። በጭቃው ውስጥ ያለው ገለፈት ሲቃጠል ትንንሽ ቀዳዳዎች ይተዋል፤ ጡቡ ይቀልላል፣ ሲተኮስም አይሰነጠቅም። ገበሬው ሩዙን ይበላል፣ በገለፈቱ ጭቃውን ያበስላል። እርሻና ሸክላ ሁለት ሙያ አልነበሩም፤ የአንድ ቤት የዓመት ሥራ ሁለት ገጽ ነበሩ። ባንኮክ እየሰፋች ስትሄድ በዚህ ጡብ ተገነባች። ስሙም ከሕዝቡ ጋር ተጣብቆ ቀረ።

በኮ ክሬት የሚሠራው ሸክላ ከዚህ የረቀቀ ነው። ቀለም አይቀባም፣ መስታወት በሚመስል ልባስም አይለበጥም፤ ከእቶን ሲወጣ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ነው። ልባስ የሌለው መሆኑ ጥቅም አለው። የእኛ እንስራ ውሃ እንደሚያቀዘቅዘው ሁሉ፣ ውሃው በሸክላው ቀዳዳ ጥቂት በጥቂት ወደ ውጭ ይወዛል፤ በነፋስ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ውስጥ ያለው ይቀዘቅዛል። ለክብር የሚሠራው ማሰሮ ደግሞ ገና እርጥብ ሳለ በስለት ተቀርጾ በአበባና በሐረግ ይሸፈናል። ይህ ማሰሮ ዛሬ የኖንታቡሪ አውራጃ አርማ ነው። የሞን ነጋዴዎች ጋኑን፣ ማሰሮውንና ሙቀጫውን በትልልቅ ጀልባ ጭነው በወንዙና በቦዮቹ ሲዞሩ ይሸጡ ነበር። አሁን የመንደሩ ሸክላ ሠሪ አብዛኛውን ጭቃ ከደሴቲቱ ውጭ ይገዛል፤ የራሱ መሬት ተቆፍሮ አልቋል፣ የቀረው የፍራፍሬና የቤት ቦታ ነው።

ቤተ መቅደሱ፣ ወፎቹና ቋንቋው

ወደ ኮ ክሬት በጀልባ የሚሻገር ሰው መጀመሪያ የሚያየው በደሴቲቱ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ፣ ውሃው ጠርዝ ላይ ያዘመመውን ነጭ ስቱፓ ነው። በባጎ የሚገኘውን ትልቁን የሞኖች ስቱፓ አብነት አድርጎ የተሠራ ነው። ወንዙ ዳርቻውን ሲበላው መሠረቱ ሰጠመና አዘነበለ፤ እንዳዘነበለም ተደግፎ ቆሟል። ከጀርባው ያለው ቤተ መቅደስ ዋት ፖራማይይካዋት ይባላል። በ1870ዎቹ ያሳደሰው ንጉሥ ቹላሎንግኮርን ነው፤ እንደ አያት ሆና ላሳደገችው የእናቱ አክስት ክብር እንዲሆን አደረገው፣ ስሙም ያንኑ ይናገራል። የቹላሎንግኮርን አባት ማን መሰላችሁ? በ1815 ስደተኞቹን ሊቀበል የወጣው ያ የ11 ዓመት ልጅ፣ ሞንግኩት ነው።

ሞንግኩት ከመንገሡ በፊት 27 ዓመት መነኩሴ ሆኖ ኖሯል። በዚያ ጊዜ የሲያም መነኮሳት ሥርዓት ላልቷል ብሎ ሲያዝን የሞን መነኮሳትን አገኘ፤ አለባበሳቸው፣ አነባበባቸውና ጥንቃቄያቸው ከቀደመው ሕግ ጋር የተስማማ መሰለው። ታማዩት የሚባለውን የምንኩስና ቅርንጫፍ ሲመሠርት አርዓያ ያደረገው እነሱን ነው። ያ ቅርንጫፍ እስከ ዛሬ በታይላንድ አለ። ተቀባዩ ከተቀበላቸው ተማረ፤ ይህን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

በሞን ቤተ መቅደሶች ፊት ረጅም ምሰሶ ይቆማል፤ ጫፉ ላይ የወፍ ምስል አለ። ወፉ ሃምሳ ይባላል፤ የዝይ ወይም የዳክዬ ወገን ነው። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል። ባጎ ዛሬ ያለችበት ቦታ ገና ባሕር ሳለ ሁለት ሃምሳዎች ሲበሩ ደክሟቸው ከውሃው ብቅ ያለች ትንሽ አሸዋ አዩ። አሸዋዋ የምትበቃው ለአንድ ወፍ ብቻ ነበር። ወንዱ አረፈባት፣ ሴቷ በጀርባው ላይ ቆመች። በዚያ ቦታ ታላቅ መንግሥት እንደሚነሣ ተተነበየ። በቀያቸው ጥበት ተጨናንቀው ለሚኖሩ የወንዝ ዳር ሰዎች ይህ ተረት ጌጥ ብቻ አይመስለኝም።

በሚያዝያ ሶንግክራን የሚባለው አዲስ ዓመት ሲገባ በምሰሶው ላይ ብዙ እግር ያለው የመቶ እግር ቅርጽ የያዘ ረጅም ባንዲራ ይሰቀላል። በየቤቱ ካው ቼ ይዘጋጃል። የተቀቀለ ሩዝ እስኪጠራ ይታጠብና በአበባ በታጠነ፣ በሸክላ ማሰሮ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ከጎኑ ጣፋጭና ጨዋማ ማባያ ይቀርባል። ምግቡ ከሞን መንደር ተነሥቶ ቤተ መንግሥት ገብቷል፤ ዛሬ በባንኮክ ትልልቅ ሆቴሎች የበጋ ምግብ ነው። የሞን ሙዚቃም እንዲሁ ተሰራጭቷል። በታይላንድ ቀብር ላይ የሚሰማው፣ እንደ ጨረቃ በቆመ ጠምዛዛ እንጨት ላይ የተደረደሩ ደወሎች ያሉት የሙዚቃ ጓድ «የሞን» ተብሎ ነው የሚጠራው።

ጡቡ፣ ምግቡ፣ ሙዚቃው፣ የምንኩስናው ሥርዓት የታይላንድ ሁሉ ሆኗል። ቋንቋው ግን በወንዙ ዳር ሊጠፋ ተቃርቧል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ሞኖችን በሲያም ማንም አላሳደዳቸውም። ሃይማኖታቸው ከጎረቤቱ ጋር አንድ ነው፤ ተጋቡ፣ ተዛመዱ፣ ሹመት አገኙ። በ1905 የጉልበት ግብሩ በብሔራዊ ውትድርና ሲተካ የተለየው የሞን ክፍለ ጦር ትርጉም አጣ፤ ሞኑም እንደ ሌላው ዜጋ ተመዘገበ። በ1921 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ግዴታ ሆነ፤ ትምህርቱ በታይኛ ነው። በ1939 መንግሥት ሰዎች በየዘራቸው መጠራታቸውን ትተው ሁሉም «ታይ» እንዲባሉ አወጀ። ልጁ በትምህርት ቤት ታይኛ፣ በገበያ ታይኛ፣ በመጨረሻም በቤቱ ታይኛ ተናገረ። ዛሬ በኮ ክሬት ሞንኛን አቀላጥፈው የሚናገሩት በአብዛኛው አረጋውያን ናቸው። በቤተ መቅደሱ የቆዩ የሞንኛ የሃይማኖት መጻሕፍት አሉ፤ ማንበብ የሚችለው ግን እያነሰ ነው።

በበርማ የቀሩት ሞኖች ዕጣ ሌላ ነው። እዚያ ሞኖች ተጨቁነዋል፣ ጦር አንሥተዋል፤ የሞን ስም የያዘ ግዛት በ1974 ተመሥርቷል፤ የራሳቸውን ትምህርት ቤቶች ከፍተው ልጆቻቸውን በሞንኛ አስተምረዋል። ቋንቋው በመቶ ሺዎች አፍ ላይ የሚኖረው እዚያ ነው። ጭቆና ያላጠፋውን ቋንቋ መልካም ጉርብትናና ትምህርት ቤት አደከሙት። ይህን የምለው የሲያምን አቀባበል ለመንቀፍ አይደለም፤ በሰላም ኖሮ ቋንቋውን በዝግታ የጣለ ቤተሰብ የሚያዝንበትን ሰው ፈልጎ አያገኝም፣ ኪሳራው ግን ኪሳራ ነው። ታይኛው ትምህርት ቤት ለሞንኛ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ቢሰጠው ኖሮ ልጁ ሁለቱንም ይይዝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ መንደሩን የሚያስጨንቀው ግን ከቋንቋው ይልቅ ውሃው ነው። በ2011 ታላቁ ጎርፍ ሲወርድ የባንኮክ መሐል ከተማ በክትርና በአሸዋ ከረጢት ተጠበቀ፤ ውሃው በዙሪያው ባሉ ዝቅተኛ ቦታዎች ለሳምንታት ተኛ። ኖንታቡሪ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ዱሪያን ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆየ ይሞታል፤ አባት ለልጅ ያወረሳቸው፣ አሥርት ዓመታትን ያስቆጠሩ ዛፎች በአንድ ወቅት ደረቁ። መሐል ከተማውን ያዳነው ውሳኔ የእነሱን ማሳ ዋጋ አድርጎ እንደከፈለ መሬቱ ያለው ሰው ያውቃል፤ የተከፈለው ካሳ ደግሞ የዛፉን ዕድሜ አይመልስም።

በደረቅ ዓመት ችግሩ ይገለበጣል። ከላይ የሚወርደው ወንዝ ሲያንስ ባሕሩ ጨው ይዞ ሩቅ ይወጣል። በ2020 መጀመሪያ ላይ ለባንኮክ የመጠጥ ውሃ የሚቀዳው ከፓቱም ታኒ ስለሆነ የከተማው ሕዝብ በቧንቧው ጨው ቀመሰ። የፍራፍሬ ገበሬው ደግሞ ያንን ውሃ ዛፉን ማጠጣት አይችልም። በላይኛው ወንዝ ላይ የተሠሩት ግድቦችም ድሮ በየዓመቱ ይመጣ የነበረውን ደለል ያስቀራሉ፤ ከቦዩ የሚጠረገው ጭቃ እንደ አያቶቹ ዘመን አይበዛም።

ስለዚህ የዛሬው ገበሬ ቱቦውን ከመክፈቱ በፊት የውሃውን ጨው ይለካል። ከበዛ ይዘጋዋል፤ በቦዩ ባጠራቀመው ውሃ እየቆጠበ የወንዙን መጣፈጥ ይጠብቃል። በ2011 ማሳው የሞተበት ክትሩን ከፍ አድርጎ ከፍ ባለው መደብ ላይ አዲስ ችግኝ ተክሏል፤ ከአጠገቡም ቶንግላንጉን። ዱሪያን ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል።